ሦስት አጫጭር ጥይቶችና የአባቶቻችን ውጅግራ

በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ዱር የወጣ ሰው የምኒልክን ድኩላ አይቶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን አውሬ ለመጣል የትኛው ጥይት ይበቃል? (ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑን አንዘነጋም፤ ጥያቄያችን የፊዚክስ ነው።)

የምናነጻጽራቸው 308 ዊንቸስተር (1952 እ.ኤ.አ.)፣ 243 ዊንቸስተር (1955) እና 7 ሚሊሜትር 08 ሬሚንግተን (1980) ናቸው። ቀለሃቸው ከአንድ ዘር ነው፤ ርዝመቱ ከ51 እስከ 52 ሚሊሜትር ሲሆን የሚለየው የአንገቱ ስፋት ነው። አጭር በመሆኑም የጠመንጃው መቀርቀሪያ አጭር መንገድ ይሄዳል።

የ243 ዐረር 6.5 ግራም ሲመዝን በሰከንድ 900 ሜትር ይበርራል። የክብደቱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ብናባዛ 2,600 ጁል ያህል ይወጣል። የአባቶቻችን ውጅግራ፣ ማለት «ፉዚ ግራ» የተባለው የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጠመንጃ (ስሙም ከዚያ የመጣ ነው)፣ 25 ግራም ዐረር በ450 ሜትር ፍጥነት ይወረውር ነበር፤ ይህም 2,500 ጁል ያህል ነው። ታዲያ እኩል ናቸውን? አይደሉም። ክብደቱን በፍጥነቱ ብቻ ስናባዛ ውጅግራ የ243ን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ እንዲህ ያለውን ዐረር አጥንት በቀላሉ አያቆመውም። ነገር ግን 200 ሜትር ሲደርስ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ 243 የሚወርደው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ለድኩላ 243 ይበቃል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን ግን ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ቀላል ዐረር ትከሻው ላይ ከቀረ ቆስሎ ያመልጥና ገደል ገብቶ ይሞታል። ለእርሱ 9.7 ግራም ዐረር በ860 ሜትር የሚወረውረውን 308 እንመርጣለን። 7 ሚሊሜትሩም በ9.1 ግራም ዐረሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የተኳሹንም ትከሻ በመጠኑ ቀለል አድርጎ ይገፋል።