ከጠባቡ ማኅደር ወደ ሰፊው

በብዙ ቤት ዛሬ የቤተሰቡ ታሪክ የሚኖረው በአልበም ሳይሆን በዲስክ ላይ ነው። የጥምቀቱና የሠርጉ ቪዲዮ፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ፣ የሞቱት ወላጆች ድምፅ ሁሉ በእጅ የማይዳሰስ ሆኖ በአንዲት ሣጥን ውስጥ ተከቶ ይገኛል። በእኛም ቤት ከራውተሩ ጐን የተቀመጠች፣ ሁለት ዲስክ የያዘች እንዲህ ያለች ሣጥን አለች፤ የቤቱ ስልኮችና ኮምፒዩተሮችም በኔትወርክ አማካይነት የያዙትን ሁሉ ለእርስዋ ያስረክባሉ። ባለሙያዎች «ናስ» ብለው ይጠሯታል። ስሙ ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ማከማቻ ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደሎች የተገኘ ነው እንጂ ጸናጽል ከሚሠራበት ናስ ጋር ዝምድና የለውም።

ይህችው ሣጥን ስምንት ዓመት አገልግላ ዛሬ ልትሞላ ስለ ተቃረበች ወደ ሰፊ ሣጥን ለመዛወር አስበናል። ነገሩ ዕቃ ገዝቶ መገልበጥ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቦታ መጥበብና የጥንቃቄ ጕድለት አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚያስከፍሉ ከዚህ ቀደም ቀምሰነዋልና፤ ያቀድነውን ለአንባብያን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አያታችን በ2001 ዓ.ም. ከማረፋቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልጅነታቸውና ስለ ጠላት ወረራ ዘመን ያጫወቱንን፣ ሦስት ሰዓት የሚሆን ድምፅ ቀርጸን ኋላ በዚህችው ሣጥን አኑረነው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ልጃችን ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ አሮጌ የመሰለውን ፎልደር ሁሉ ሲሰርዝ ያ ድምፅ አብሮ ሄደ። ዲስኮቹ ሁለት ናቸውና ከአንዱ የጠፋውን ከሌላው እናገኘዋለን ብለን ተጽናንተን ነበር። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ዲስክ የመጀመሪያው መስተዋት ስለ ሆነ ከአንዱ የተሰረዘው በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ተሰርዞ ነበር። በዋሽንግተን የምትኖር እኅታችን በፍላሽ ወስዳ የነበረችው 40 ደቂቃ ብቻ ተረፈልን፤ የቀረው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ልጁን አልቈጣነውም፤ ሌላ ቅጂ ሳናዘጋጅ የተዘናጋነው እኛ ወላጆቹ ነበርንና።

እንግዲህ የዲስክ መብዛት ከዲስክ መበላሸት ያድናል እንጂ ከሰው ስሕተት፣ ከሌባ፣ ከእሳት፣ ፋይል ቈልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስ አያድንም። የዕቅዳችን መሠረት ይህ ነው።

አንደኛው ሥራ መቍጠር ነው። ዛሬ የያዝነው 1,600 ጊጋባይት ሲሆን ባለፉት ሁለት ዓመታት በያመቱ 600 ጊጋባይት ያህል ሲጨመር አይተናል። በአምስት ዓመት 3,000 ቢጨመር ድምሩ 4,600 ይሆናል። ሣጥን እስከ አፉ አይሞላምና አምስተኛውን እጅ ባዶ ለመተው ብናስብ 5,750 ጊጋባይት ያስፈልገናል ማለት ነው። በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ዲስክ ሠሪዎች 1 ቴራባይት የሚሉት 1,000 ጊጋባይት ነው፤ ብዙ ኮምፒዩተር ግን በ1,024 እያባዛ ስለሚቈጥር 4 ቴራባይት የተባለው ዲስክ ሲከፈት 3.6 ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ባለ ሱቁ አታለለን ብሎ መጣላት አይገባም።

ሁለተኛው መምረጥ ነው። አራት ዲስክ የሚይዝ ሣጥን ገዝተን በሦስት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች እንጀምራለን፤ አራተኛው ስፍራ ለነገ ይቈያል። የሦስቱ ድምር 12 ቴራባይት ቢሆንም የምንሠራበት 8 ብቻ ነው፤ የአንዱ ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ይውላልና። ሥርዓቱ ሬይድ 5 ይባላል። አሠራሩን ለተማሪ እንደምናስረዳው እናስረዳ፤ በአንዱ ሰሌዳ 7፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው ድምራቸውን 12 ብንጽፍ፣ ከሦስቱ ማንኛውም ቢሰበር ጽሑፉ ከቀሩት ከሁለቱ ይታወቃል። ዲስኮቹም ይህን በሚመስል ስሌት አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢሰበሩ ግን ሒሳቡ አይወጣም። ደግሞም ጽሕፈቱን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን መስመር በሌላው ላይ ደርቦ የሚጽፍ የዲስክ ዓይነት አለ፤ ይህ የተበላሸውን ተክቶ እንደገና ለመሙላት እጅግ የሚዘገይ ስለ ሆነ፣ ለናስ ሥራ የተዘጋጀ መሆኑን ጠይቆ መግዛት ብልኅነት ነው።

ሦስተኛው መገልበጥ ነው። የድሮዎቹን ዲስኮች ነቅሎ በአዲሱ ሣጥን ውስጥ መትከል የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን አዲሱ ሣጥን ዲስኮቹን አጽድቶ ቢጀምር መመለሻ የለም። ስለዚህ ሁለቱን ሣጥኖች ጐን ለጐን አቁመን በኬብል እንገለብጣለን። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢያልፍ 1,600 ጊጋባይት አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ጥቃቅን ፋይል ሲበዛ ይዘገያልና አንድ ሙሉ ሌሊት መድበናል። በዚያ ሌሊት ከቤተሰቡ ማንም አይጨምርም፣ ማንም አይሰርዝም። መብራት ድንገት ቢጠፋም ሣጥኖቹ በሥርዓት እንዲዘጉ በዩፒኤስ ላይ ይሰካሉ።

አራተኛው ማመሳከር ነው። የብራና ጸሐፊ ዳዊት ገልብጦ ሲጨርስ ከዋናው ጋር ማስተያየት ይገባዋል። እኛም የፋይሉን ብዛትና መጠን ከማየት አልፈን የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ የሚያወዳድር ፕሮግራም እናሠራለን፤ ከፋይሉ ጥቂት እንኳ ቢለወጥ አሻራው ይለወጣልና። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከየዓመቱ አንድ አንድ ቪዲዮ እየከፈቱ ይመለከታሉ። የተሰረዘ ፋይል ለ30 ቀን የሚቈይበትንም ማቆያ ያን ጊዜ እናበራለን፤ በአሮጌው ሣጥን ተዘግቶ የነበረ ይኸው ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ አሮጌው ሣጥን አይሸጥም። በሌላ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ እናታችን ቤት ሄዶ የማይተካውን ብቻ ማለት ድምፁን፣ ፎቶግራፉን፣ ሰነዱን በየሳምንቱ ይቀበላል። ፊልምና ሙዚቃ ቢጠፋ እንደገና ይገኛልና ቦታ አንሰጠውም። ደግሞ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ በየሦስት ወሩ ተሞልቶ፣ ከኮምፒዩተር ተነቅሎ፣ በቍም ሣጥን ይቀመጣል። ይህም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱም ከቤት ውጭ የሚለው የባለሙያዎች ደንብ ነው።

አሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ፊልሙ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰን በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳምም እንዲቀመጥ ተደርጓል። ያን ሥራ ያቀዱ ሰዎች አንድ ስፍራ ብቻውን ለአደራ እንደማይበቃ ያውቁ ነበር።

የሚቀረው አንድ ነገር ነው። የሣጥኑን የይለፍ ቃል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እርሱ ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ማኅደሩ ለቤተሰቡ የተቈለፈ በር ይሆናል። ስለዚህ ቃሉንና የአሠራሩን ቅደም ተከተል በደብተር ጽፈን ባለቤታችን የቤቱን ካርታ በምታስቀምጥበት ስፍራ እንድትጠብቀው አስረክበናል። የዝውውሩን ሌሊት የሚጠብቀው ያው ልጃችን ነው፤ እርሱ ራሱ ለምኖ ወስዶታል። መጀመሪያ የሚገለበጠውንም ፋይል መርጧል፤ የቅድመ አያቱን 40 ደቂቃ።