ባዮቴክ ኩባንያ ውስጥ መሥራት፦ ጥቅሙ፣ ጉዳቱ እና ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች



ሰሞኑን አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ በላብራቶሪ ሙያ ተመርቄ አሜሪካ ማስተርሴን ጨረስኩ። ቦስተን ያለ አንድ ትንሽ ባዮቴክ ኩባንያ እና አንድ ሆስፒታል ሁለቱም ሊቀጥሩኝ ፈልገዋል። የቱን ልያዝ?»

እኔ የሥራ አማካሪ አይደለሁም። ግን የእንጀራ ጉዳይ የጤናም ጉዳይ ነው። እዚያው ዘርፍ ውስጥ ያሉ የግቢ ጓደኞቼንም ጠይቄ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

✅ ባዮቴክ ኩባንያ ምንድን ነው?

ሴልን፣ ባክቴሪያን ወይም ዲኤንኤን ተጠቅሞ መድኃኒት፣ ክትባት ወይም መመርመሪያ የሚሠራ ድርጅት ነው። ለምሳሌ ለስኳር ሕመም የሚወጋው ኢንሱሊን ድሮ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር የሚወጣው። በባክቴሪያ አማካኝነት የተመረተው የሰው ኢንሱሊን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ከጀርባው ጄነንቴክ የተባለ ባዮቴክ ኩባንያ ነበረበት።

✅ ጥቅሙ

1. ሥራችሁ ብዙ ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሞደርና እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ገበያ ላይ አንድም ምርት አልነበረውም። ከዚያ የኮቪድ ክትባቱ መጣ።
2. ትንሽ ኩባንያ ውስጥ አንድ ሰው ብዙ ነገር ስለሚሠራ ቶሎ ትማራላችሁ።
3. ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ይሻላል። እንደ ሆስፒታል የሌሊት ተረኝነትም ብዙ የለበትም።

❌ ጉዳቱ

1. አስተማማኝ አይደለም። በሰው ላይ መሞከር ከሚጀምሩ 10 መድኃኒቶች ለፈቃድ የሚበቃው በግምት 1 ብቻ ነው። ትንሽ ኩባንያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በሽያጭ ሳይሆን በባለሀብቶች ገንዘብ ነው። ያለችው አንዷ መድኃኒት ሙከራው ላይ ከወደቀች፣ እናንተ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ሥራው ሊቆም ይችላል።

2. የጤና መድናችሁ አብሮ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ የብዙ ሰው መድን ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። ከሥራ ስትወጡ ኮብራ በሚባለው ሕግ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር መቀጠል ይቻላል፣ ግን ሙሉ ክፍያውን ራሳችሁ ናችሁ የምትከፍሉት። ኩባንያው ጭራሽ ተዘግቶ መድኑን ካቋረጠ ደግሞ ኮብራም የለም። ያኔ በ60 ቀን ውስጥ በመንግሥት ማርኬትፕሌስ በኩል ሌላ መድን መግዛት አለባችሁ። በኤች ዋን ቢ ቪዛ ላይ ከሆናችሁም ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ያላችሁ ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ኩባንያዋ ሲዘጋ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። «ደሞዙ አይደለም፣ የት እንደምወልድ ነው እንቅልፍ የነሳኝ» አለችኝ። ደግነቱ በጊዜ ተመዝግባ በሰላም ተገላገለች።

3. ሰውነትንም ይነካል። ቀኑን ሙሉ ፒፔት መጫን አውራ ጣትንና የእጅ አንጓን ያሳምማል፣ እረፍት ውሰዱ፣ እጅ ቀይሩ። ከሰው ደም ጋር የምትሠሩ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ተከተቡ፤ አሜሪካ ውስጥ ቀጣሪው በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ የምትነኩትን ኬሚካል ዝርዝር ይዛችሁ ሐኪም አማክሩ።

✅ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ

👉 አሁን ያላችሁ ገንዘብ ለስንት ወር ይበቃል?
👉 መድኃኒታችሁ የትኛው የሙከራ ደረጃ ላይ ነው? ይሄ ባይሳካ ሌላ አላችሁ?
👉 መድኔ መቼ ይጀምራል? ከሥራ ብወጣስ መቼ ያበቃል?

ቃል የሚገባላችሁን አክሲዮን ደግሞ እንደ ደሞዝ አትቁጠሩት። ኩባንያው ከወደቀ ወረቀት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ለእህታችን የመለስኩላት ይህን ነው፦ የጥቂት ወር ወጪሽን ማስቀመጥ ከቻልሽ፣ ቪዛሽም ካላሰጋሽ ባዮቴኩን ሞክሪው፣ ትማሪበታለሽ። የልጅ ወይም የታማሚ መድን በአንቺ ስም ከሆነ፣ ወይም በየወሩ አገር ቤት የምትልኪው ገንዘብ የእናትሽ መድኃኒት መግዣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሆስፒታሉን ያዢ። ባዮቴክ በኋላም ይደረስበታል።

እዚህ ዘርፍ ውስጥ ያላችሁ ልምዳችሁን በኮሜንት አካፍሉን። ሥራ ለሚፈልግ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!