ዶማችሁ የት አደረ? የጓሮ ዕቃ አያያዝና መንጋጋ ቆልፍ

 

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ጓሮ ስትኮተኩቱበት የዋላችሁት ዶማ የት አደረ? ሣር ውስጥ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ተጋድሞ ነው? ወይስ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ? መብራት የጠፋ ሌሊት በነጠላ ጫማ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው እሱን ነው።

እኔ ያለሁበት አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት፣ ከተማና እርሻ ጎን ለጎን የሚኖሩባት ናት። ባህር ዳርና አዲስ አበባ ያላችሁም ግቢያችሁ ውስጥ ጎመንና ጌሾ ካለ ነገሩ ይመለከታችኋል። ከሌላችሁ ደግሞ ገጠር ላሉት ቤተሰቦቻችሁ ንገሩልኝ።

ጥፋቱ የዝገት ነው?

ብዙ ሰው «የዛገ ብረት ቲታነስ ያመጣል» ይላል። ዝገት ብቻውን አያመጣም። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቴታኒ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ዘሩ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አየር የማይደርስበት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ሲገባ ይራባና መርዙን ያመነጫል። ስለዚህ አፈር የነካው አዲስ ዶማም ያው ነው። የዛገው የሚከፋው ሸካራ ስለሆነ ቆሻሻ ስለሚይዝ ነው።

ዕቃችሁን እንዲህ ያዙ

1. ሥራ ሲያልቅ አፈሩን ፍቃችሁ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ብረቱን ስስ ዘይት ቀቡት።

2. ማጭድና መጥረቢያ በሞረድ ይሳሉ። የደነዘ ስለት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲበዛ ደግሞ ያዳልጥና እግር ላይ ያርፋል።

3. የላላ እጀታ በሽብልቅ ይጥበቅ። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለጊዜው ያጠብቀዋል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ይላላል። የወለቀ መጥረቢያ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

4. ሚስማር መትታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ስለታም የሆኑት ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ስለታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ ይሁን።

5. የተባይ መድኃኒት ለብቻው ይቆለፍበት። በለስላሳ ወይም በውሃ ፕላስቲክ ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

6. ስትቆፍሩ ቦቲ ጫማ አድርጉ።

ከቆሰላችሁስ?

ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡ። ከደማ በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ቡና፣ አመድ፣ እበት አታድርጉበት፤ እንዲያውም ባክቴሪያውን በእጃችሁ መጨመር ይሆናል። ከዚያ «ትንሽ ነው» ሳትሉ በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሚስማር የወጋው ትንሽ ቀዳዳ ከሰፊ ቁስል ሊብስ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁስል ላይ የሚሰጠው ቲኤቲ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያገለግል ማርከሻ ነው፤ ክትባት አይደለም። «ድሮ ተወግቻለሁ» ብሎ መተማመን አያዋጣም። ክትባቱ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ቢያንስ 6 ወር ቆይቶ ይሰጣል፤ ከዚያም ማጠናከሪያ አለው።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ይታያል፦ አፍ መክፈት ማቃት፣ የአንገት መገተር፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በድምፅና በብርሃን የሚነሳ መንዘፍዘፍ። ይሄን ጊዜ ቁስሉ ድኖ ሊሆን ይችላል! ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል።

በጣም የሚያሳስበኝ ማን መሰላችሁ?

አባቶቻችን። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይከተባሉ። እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ያገኙታል። የሀገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው ግን በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ገበሬ በልጅነቱ ሳይከተብ አድጎ ሊሆን ይችላል። ካደገ በኋላ ደግሞ ቆስሎ ካልመጣ በቀር ለክትባት የሚጠራው የለም። ዕድሜውን ሙሉ ከአፈርና ከእበት ጋር የሚውለው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስትደውሉላቸው ስለ ዝናቡና ስለ ሰብሉ ከጠየቃችሁ በኋላ መከተባቸውንም ጠይቁልኝ። ካልተከተቡ ለገበያ ሲወጡ ጤና ጣቢያ ጎራ ይበሉ።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ።