ቀኝና ግራ ሞለኪውሎች በምን ስም ይጠሩ?

በታች አርማጭሆዋ ሳንጃ ቢልሃርዚያ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በብዛት እንደሚገኝ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። በትምህርት ቤቶች በኩል የሚካሄደው አገር አቀፍ ዘመቻ ከተጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ልጅ ያውቀዋል፤ ክኒኑ ትልቅ ነው፣ ይመራል። ስሙ የማይነግረን ግን የመድኃኒቱ ግማሽ በሽታውን የሚያመጣውን ትል እምብዛም የማይጎዳ መሆኑን ነው።

በክኒኑ ውስጥ ያለው ሁለት ዓይነት ሞለኪውል ነው። በአቶሞቻቸው ዓይነትና ቁጥር፣ በአያያዛቸውም አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት እንደ ቀኝና ግራ እጅ ነው። በፋብሪካ ሲሠራ ሁለቱም እኩል ይወጣሉ። ትሉን የሚያጠቃው አንደኛው ነው፤ ሌላው ክኒኑን ያገዝፈዋል፣ የምሬቱም ዋና ምንጭ እሱ ነው።

እንዲህ ያሉ መንትዮችን እንዴት እንለይ የሚለው ጥያቄ ቆይቷል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1848 የታርታሪክ አሲድ ጨው ክሪስታሎችን በዓይኑ እያየ በሁለት ከፈላቸው፤ የአንዱ ሙሙት ፖላራይዝድ ብርሃንን ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ አዞረ። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው ስያሜ የሚያመለክተው ይህን ነው። በመሣሪያ ስለሚለካ አያከራክርም፤ አቶሞቹ በየት በኩል እንደቆሙ ግን አይናገርም። ኤሚል ፊሸር በ1891 የስኳሮችን ቅርጽ ለመሣል ከሁለቱ አንዱን በግምት መረጠ። ግምቱ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው በ1951፣ ሆላንዳዊው ባይፉት በኤክስሬይ ሲመረምር ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ የኬሚስቶች ሥዕል በዕድል ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው!

ዛሬ የምንሠራበትን ደንብ ያወጡት ካን፣ ኢንጎልድና ፕሬሎግ ናቸው። ከካርቦኑ ጋር የተያያዙት አራት ነገሮች በአቶም ቁጥራቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ የመጨረሻው ከተመልካቹ ወዲያ ዞሮ የቀሩት ሦስቱ ከላይ ወደ ታች በሰዓት አቅጣጫ ከተከታተሉ "አር"፣ ካልሆነ "ኤስ" ይባላል። ቅርጹን በትክክል የሚገልጽ ስም ይህ ነው። ተማሪዎቻችን የሚሳሳቱት "አር" ሁልጊዜ ብርሃንን ወደ ቀኝ የሚያዞር ሲመስላቸው ነው። ትሉን የሚያጠቃው ፕራዚኳንቴል "አር" ነው፤ ብርሃንን የሚያዞረው ግን ወደ ግራ ነው። በብዙ ዕጣኖች ውስጥ የሚገኘው አልፋ ፓይኒን ደግሞ "አር" የሆነው ወደ ቀኝ ያዞራል። ደንቡ ራሱም ያስቸግራል፤ ሰውነታችን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው የተለመዱ አሚኖ አሲዶች ቀኝና ግራ ያላቸው ሁሉ "ኤስ" ሲሆኑ፣ ሲስቲን ብቻ ቅርጹ ከእነሱ ሳይለይ በሰልፈሩ የአቶም ቁጥር የተነሣ "አር" ይሆናል። ባዮሎጂስቶች ለሁሉም አንድ የሆነውን "ኤል" የሚለውን የቆየ ስም ያልተዉት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ ሁለቱም ይጻፉ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ቅርጹን የሚናገረው ፊደልም፣ የተለካውን የሚናገረው ምልክትም። አንዱ ሌላውን አይተካም። በመድኃኒት ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ የሕዝብ ነው። ከፕራዚኳንቴል ውስጥ የሚሠራው ግማሽ ብቻ ተለይቶ ለትንንሽ ልጆች ሲዘጋጅ "አርፕራዚኳንቴል" ተብሏል፤ "አር" በስሙ መግቢያ ላይ ገብታለች። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት የድጋፍ አስተያየት የሰጠው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው።