የመጨረሻው ሰርቨር፦ የኤክስቼንጅ ሃይብሪድ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ2011 ማይክሮሶፍት ኦፊስ 365ን ሲያወጣ፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኢሜይላቸውን በአንድ ጀንበር ወደ ክላውድ ማዛወር አልቻሉም። ስለዚህ በግቢያቸው ያለውን የኤክስቼንጅ ሰርቨር ከክላውዱ ጋር የሚያያይዘው ሃይብሪድ አሠራር መሸጋገሪያ ሆነ። የአንዱ ሠራተኛ የመልእክት ሳጥን ተዛውሮ የሌላው ቢቀርም አድራሻቸው አይለወጥም፤ አንዱ የሌላውን የቀጠሮ ሰሌዳም ያያል።

ጣጣው የመጣው ሳጥኑ ሁሉ ተዛውሮ ካለቀ በኋላ ነው። የተጠቃሚዎች መዝገብ አሁንም የሚመራው ከግቢው አክቲቭ ዳይሬክተሪ በመሆኑ፣ አንድ አድራሻ ለመጨመር እንኳ በግቢው ኤክስቼንጅ በኩል ማለፍ ግድ ነበር። በዚህ ሰበብ በየቦታው አንድ ባዶ ሰርቨር ቀረ፤ ደብዳቤ የለበትም፣ ሥልጣኑ ግን እንዳለ ነው። በእኔ እምነት ትልቁ አደጋ ያደገው ይህን ሰርቨር በመርሳት ነው።

በማርች 2021 ሰርጎ ገቦች በኤክስቼንጅ ክፍተት ገብተው ዌብ ሼል (ሰርቨሩን ከርቀት የሚያዙበት ስውር ፕሮግራም) ሲተክሉ ይህ አደጋ ገሃድ ወጣ። ፓቹ በመጀመሪያ የወጣው በቅርብ ለተሻሻሉት ሰርቨሮች ብቻ ነበርና፣ ወደ ኋላ የቀረው አስተዳዳሪ ጥቃቱ እየተካሄደ ደረጃውን ለማሳደግ ይሯሯጥ ጀመር። በኤፕሪል 2022 ባዶውን ሰርቨር የማጥፋት መንገድ ተከፈተ። ይህ ማለት ግን ሶፍትዌሩን ማራገፍ አይደለም። ያራገፈው ሰው የሚያስፈልጉ ቅንብሮችን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጭምር ይጠርጋል። በ2023 ደግሞ ማይክሮሶፍት ድጋፋቸው ካበቃ ሰርቨሮች ወደ ክላውዱ የሚገባውን ደብዳቤ መጀመሪያ ማዘግየት፣ ቀጥሎም ማገድ ጀመረ።

የኦገስት 2025ቱ ክፍተት ከሁሉም በላይ አሳሳቢ ነው። የግቢውና የክላውዱ ኤክስቼንጅ የሚተማመኑት በአንድ የጋራ መለያ ነበር። የግቢውን ሰርቨር በአስተዳዳሪነት የያዘ አጥቂ በዚያው መለያ ወደ ክላውዱ ይሻገራል፤ በቀላሉ የሚገኝ ዱካም አይተውም። የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ክፍተቱን እንዲዘጉ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሰጠው ከኦገስት 7 እስከ 11 ያለውን ጊዜ ብቻ ነው። መፍትሔው የኤፕሪል 2025ቱን ማሻሻያ ጭኖ ለሃይብሪዱ የራሱን መለያ መፍጠር፣ ከዚያም በአሮጌው የጋራ መለያ ላይ የቀሩትን ቁልፎች ማጽዳት ነው። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ሊዘለል አይገባም።

የ2016 እና የ2019 ኤክስቼንጅ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተተኪው ሰብስክሪፕሽን ኢዲሽን በጁላይ 2025 ወጥቷል። ኤክስቼንጅ 2019ን እስከ ኩሙሌቲቭ አፕዴት 14 ወይም 15 ያደረሰ አስተዳዳሪ በዚያው ሰርቨር ላይ፣ እንደ ተለመደ ማሻሻያ፣ ይጭነዋል። 2016 ላይ የቆየው ግን አዲስ ሰርቨር አቁሞ፣ የቀሩትን ሳጥኖች አዛውሮ፣ የሃይብሪድ ማዋቀሪያውን እንደገና ማስኬድ አለበት። ሥራው ይከብዳል። በግቢው ምንም ሳጥን ላልቀረለት መሥሪያ ቤት የምመርጠው ሌላ ነው፦ በ2022 የተከፈተውን መንገድ ተከትሎ ሰርቨሩን ማጥፋት።