በገብስ ፍሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ለነጋዴው ያለው ጥቅም

ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላምና እስከ ቡሬ ባለው አገር ገብስ ተቆልቶ፣ በሶ ሆኖ ወይም ተጋግሮ የማይበላበት ቤት አይገኝም፤ ብቅሉም ለጠላና ለአረቄ ይውላል። ነጋዴው ግን ገብስን የሚመዝነው በንጣቱ፣ በክብደቱና በንጽሕናው ነው እንጂ በውስጡ ባለው የምግብ ኃይል አይደለም። ይህም ውስጣዊ ልዩነት በዘር የሚወረስ መሆኑን ለዓለም ያስረዳው የኢትዮጵያ ገብስ ነው።

ፕሮቲን ሰውነትን የሚገነባ ምግብ ሲሆን፣ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ልዩ ልዩ ነገሮች የተሠራ ነው። ከእነዚህም አንዱ ላይሲን ይባላል። የሰው አካል ላይሲንን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። በገብስ ፍሬ ውስጥ በብዛት የሚከማቸው ፕሮቲን ሆርዴይን ነው፤ በሆርዴይን ውስጥ ደግሞ ላይሲን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ገብስ ብቻውን ሲበላ ጉድለት ይኖረዋል።

ላርስ ሙንክና የሥራ ጓደኞቹ በስዊድን አገር ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የገብስ ዘሮችን፣ ላይሲንን በሚይዝ ቀለም እየመረመሩ ለዩ። ከኢትዮጵያ የሄደውና ሲ አይ 3947 የሚል ቁጥር የተሰጠው ዘር በፕሮቲንም በላይሲንም ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። ይህንንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 አስታወቁ፤ ዘሩንም ሃይፕሮሊ ብለው ሰየሙት። ጠባዩ የሚገለጠው ግን ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ስለሆነ፣ ከሌላ ዘር ጋር ሲዳቀል በመጀመሪያው ትውልድ ይሰወራል።

ሆኖም ጥቅሙ ያለ ኪሣራ አልመጣም። የሃይፕሮሊ ፍሬ የተጨማደደ፣ ምርቱም አነስተኛ ነበር። በዴንማርክ አገር በሪሶ የምርምር ጣቢያ በኬሚካል ኃይል የተገኘው 1508 የተባለው ዘርም ላይሲኑ ከ40 በመቶ በላይ ቢጨምርም፣ ስታርቹ ስለቀነሰ ገበሬ በስፋት አልዘራውም። እንዲሁም በ1973 ከወሎ የተገኘው ላይሲን የበዛበት ማሽላ የተጨማደደ ፍሬ ነበረው፤ ገበሬዎች ግን ጣዕሙን ከሊቃውንት በፊት አውቀው «ወተት በጉንጬ» ብለውታል።

ለነጋዴው ከዚህ ሁለት ነገር ይተርፈዋል። አንደኛው፣ ለምግብ የሚበጀው ገብስ ለቢራ ብቅል የማይበጅ መሆኑ ነው። የብቅል ፋብሪካ ፕሮቲኑ ከ100 እጅ ከ9 እስከ 12 ያህል የሆነውን ይፈልጋል፤ ፕሮቲን ሲበዛ ስታርች ያንሳልና። ሁለቱን ገብስ በአንድ ጆንያ የቀላቀለ ሰው ጭነቱ ሲመለስበት የኪሣራውን ምክንያት ከራሱ ይፈልግ። ለምግብ የሚገዛውን ደንበኛም ከገብሱ ጋር ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ እንዲወስድ መምከር ይገባል፤ ጥራጥሬ በላይሲን የበለጸገ ስለሆነ የገብስን ጉድለት ይሞላል።

ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። በቀድሞው ዘመን ዘሩ ያለ ስምምነት ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ግን የዘር ሀብትን ለምርምርና ለማዳቀል ለመውሰድ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። በቀጥታ ለምግብ የሚሸጥ እህል በዚህ አዋጅ አይያዝም። እንግዲህ ላኪው ሰው ከውጭ ገዥ «ጥቂት ኪሎ ለሙከራ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ገዥው የሚፈልገው እህሉን ነው ወይስ ዘሩን ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።