ላይሰንስ ከወጣ በኋላ የሚቀጥለው ትምህርት

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚሠሩ ብዙ ሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ወኪሎች) ከአንድ በላይ ላይሰንስ አላቸው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይቶ የሚኖር ደንበኛ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቤት ሊገዛ ይችላል፤ ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ደግሞ ጎረቤት ቢሆኑም ሕጋቸው ለየቅል ነው። የሦስቱም ላይሰንስ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ለማደስ ዲሲና ሜሪላንድ 15 ሰዓት፣ ቨርጂኒያ 16 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ትምህርት ይጠይቃሉ። በቨርጂኒያ አዲስ ገቢ ከሆኑ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 30 ሰዓት ይጠብቅዎታል። ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ ኒው ዮርክ በሁለት ዓመት 22 ሰዓት ተኩል፣ ካሊፎርኒያ በአራት ዓመት 45 ሰዓት።

ሰዓቱ ሲቆጠር ብዙ ሰው ግብር የሚከፍል ይመስለዋል። እኔ ግን ከዚህ ትምህርት ውስጥ አንዱ ክፍል በተለይ ለእኛ ማኅበረሰብ የግድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፌር ሃውሲንግ የሚባለውን፣ በቤት ጉዳይ አድልዎን ስለሚከለክለው ሕግ የሚያስተምረውን ማለቴ ነው። ቨርጂኒያ ከ16ቱ ሁለት ሰዓት ለእሱ ብቻ መድባለች።

አንዲት እናት ቤት ልትገዛ መጥታ ሪልተሩን፣ “ልጄ፣ እኔ እንግሊዝኛውም እምብዛም ነኝ፤ የእኛ ሰዎች የሚበዙበት ሰፈር ፈልግልኝ” ትለዋለች እንበል። የሐበሻ ልጅ ሆኖ ይህን እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ደግ ሥራም ይመስላል። ግን ራሱ ሰፈር መርጦ ቢነግራት ሕግ ይጥሳል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ሕግ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር እየለዩ ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላል። በኋላም ጾታ፣ የአካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ መሆን ተጨምረዋል። ሪልተሩ በቀና ልብ ማድረጉ አያድነውም። በደንብ የተማረው ጥያቄውን ያዞረዋል፦ “እናቴ፣ የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን የት ነው? ከዚያ ስንት ደቂቃ ቢርቅ ይስማማዎታል? አውቶቡስ ያስፈልግዎታል?” በመልሷ መሠረት ቤቶቹን ያወጣል፤ ሰፈሩን የምትመርጠው እሷ ናት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ስጋት አይደለም። ኒውስዴይ የተባለው ጋዜጣ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ሦስት ዓመት ምርመራ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቶ ነበር። ነጭና ነጭ ያልሆኑ “ገዢዎች” ተመሳሳይ ገንዘብና ፍላጎት ይዘው ድብቅ ካሜራ አድርገው ወደ ሪልተሮች ሄዱ። ጥቁሮቹ ከተላኩባቸው ሙከራዎች 49 በመቶው ላይ የአድልዎ ምልክት ተገኘ፤ በሂስፓኒኮቹ ላይ 39፣ በእስያውያኑ ላይ 19 በመቶ። ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ ሰው ሳይታወቀው ስለሚያደርገው አድልዎ ሁለት ሰዓት ትምህርት ግዴታ አደረገች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ተማሪው አንዴ እንደ ሪልተር፣ አንዴ እንደ ደንበኛ ሆኖ የሚለማመድበት ክፍል ጨመረች። ይኼኛው በጣም ደስ ይለኛል፤ የተባረረ ደንበኛ ቦታ ቆሞ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳም።

ሌላው ምክንያት ሕጉና አሠራሩ የሚቀያየር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር በኮሚሽን ጉዳይ ተከስሶ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ዓመት ኦገስት 17 ጀምሮ ሪልተሩ ገዢን ይዞ ቤት ከማሳየቱ በፊት በጽሑፍ ውል መፈራረም አለበት፤ ክፍያው ስንት እንደሆነና ድርድር እንደሚቻልበትም ውሉ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ለውጥ በፊት የተማረ፣ ከዚያ ወዲህ ያልተማረ ሰው ደንበኛውን “የእኔን ሻጩ ይከፍላል፣ አንቺ አታስቢ” እያለ ሊቀጥል ይችላል። ክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ ቀን) ሊደርስ ሲል የታይትል ካምፓኒ፣ ማለትም የቤቱን ባለቤትነት የሚያጣራው ድርጅት፣ መስሎ “ገንዘቡን ወደዚህ አካውንት ላኩ” የሚል ኢሜይል የሚልከው ሌባም የዚህ ዘመን አደጋ ነው፤ የዕድሜ ልክ ቁጠባ በአንድ ጠዋት ይዞ ይሄዳል። ስልክ ደውሎ፣ ያውም አስቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር፣ ማረጋገጥ እንደሚገባ ለደንበኛው መንገር የሪልተሩ ፋንታ ነው።

የሚያሳዝነኝ ሰዓቱ የሚሞላበት መንገድ ነው። ብዙው ትምህርት ኦንላይን ነው፤ ላይሰንሱ ሊያልቅ ሲል፣ እራት እየሠሩ፣ ገጹን እያለፉ የሚጨርሱት አሉ። ሰርተፍኬቱ የተቀመጡበትን ሰዓት እንጂ የገባቸውን ነገር አይናገርም። ቢያንስ የፌር ሃውሲንግና የውል ትምህርት አስተማሪ ባለበት፣ ጥያቄ በሚጠየቅበት ክፍል ቢሰጥ እመርጣለሁ።

ቤት የሚገዛ ሰው ግን እስከዚያ አይጠብቅም። የሪልተሩን ስም በግዛቱ የላይሰንስ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ፈቃዱ ያልተቃጠለ መሆኑን በነፃ ማየት ይችላል። ቀጥሎ ሪልተሩን፣ “ባለፈው ላይሰንስዎን ሲያድሱ የተማሩት አዲስ ነገር ምን ነበር?” ብሎ ይጠይቀው። በሚገባ የተማረ ሰው የገዢውን ውል አውጥቶ በአማርኛ እያስረዳ ይጀምራል።